ሃይ ባይ

ሰው ሁሉ ሜትሩ ይለዋል። ልብስ ሰፊ ነው። መለኪያው ከአንገቱ አይወርድም፤ ሲበላም፣ ሲያንቀላፋም እዚያው ነው፤ አንዴማ ከነመለኪያው ሰርግ ሄዷል። ደንበኛ ገና በሩ ላይ ሲቆም «ጌታው፣ ወፈር ብለሃል፤ ያ ግራጫ ሱሪ ዘንድሮ አይገባህም» ብሎ ነው የሚቀበለው። ሰላምታው ይኸው ነው። ብዙ ሰው ተቀይሞታል፤ ግን ሱሪውን ሞክሮ እውነትም እንደማይገባው ሲያይ አንገቱን ደፍቶ ተመልሶ ይመጣል።

እንግዲህ ይሄ የሰውን ሁሉ ልክ በዓይኑ የሚያውቅ ሰው፣ የራሱን ልክ ስማ ሲባል ግን እግሬ አውጪኝ ነው።

ነገሩ የጀመረው «ስኳር አለብህ» የተባለ ዕለት ነው። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር፣ ሳቋ የማያልቅ ምላሷ ግን ምላጭ የሆነ ልጅ ናት፣ አስቀምጣ አስረዳችው።

«ጋሼ፣ የሳህንዎ ግማሽ አትክልት ይሁን። ኬክ፣ ብስኩት፣ ለስላሳ በቃ። ኪኒኑን ጠዋትና ማታ ከምግብ ጋር ይውሰዱ፤ ደስ ሲልዎ ሳይሆን ሁልጊዜ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ቁርስ ሳይቀምሱ ጣትዎን ወጋ አድርገው በዚህች መሣሪያ ይለኩ።»

ሜትሩ ሌላውን ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ አንዷን ቃል ብቻ ያዘ። «ወጋ?»

«ትንሽ ነገር ናት። ደግሞ መርፌ ለርስዎ ምን ብርቅ ነው? ልብስ ሰፊ አይደሉ?»

«እሱ ሌላ፣ ይሄ ሌላ! በሥራ ላይ መርፌ ቢወጋኝ አደጋ ነው። ቁጭ ብሎ፣ አስቦ፣ የገዛ ጣቱን የሚወጋ ሰው ግን እብድ ነው።»

«ይለካል፣ ሲስተር፤ እኔ አለሁ አይደል» አለች ባለቤቱ። ባለቤቱ የሒሳብ መምህርት ናት። ፈተና ስትጠብቅ፣ ተማሪው አንገቱን ሳያዞር ገና ለማዞር ሲያስብ የምታውቅ ሴት ናት። ከሷ ፊት ኮርጆ ያለፈ ተማሪ የለም ይባላል።

ችግሩ ትምህርት ቤቷ ሩቅ መሆኑ ነው። ሜትሩ ገና ሲያንኮራፋ እሷ ወጥታ ሄዳለች። ስለዚህ እንዲህ ተባለ፦ እሱ ጠዋት ሱቁ እንደደረሰ ይለካል፣ ከዚያ ኪኒኑን በቁርሱ ይውጣል፣ ማታ መሣሪያዋን ይዞ ይመጣል፤ እሷ ከፍታ ታያለች። መሣሪያዋ እንደሆነች የለካችውን አትረሳም። ይህ ብቻ አይደለም። «አንተ ትተህ እኔ ፊትህ ቁጭ ብዬ እያጣጣምኩ ብጠጣ ነውር ነው» ብላ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ሦስት ማንኪያ ስኳር ታደርግበት የነበረውን ሻይ ባዶውን መጠጣት ጀመረች። ፊቷን አጨማዳ፣ መራራ መድኃኒት እንደሚጠጣ ሕፃን ሆና ትጨርሰዋለች።

የመጀመሪያውን ቀን ሜትሩ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ የፈጣሪን ስም ጠርቶ ለካ። ቁጥሩ ትልቅ ነበር። ማታ አየችው። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ደግ ነበር፤ ቁጣዋን ለምዶታል። ዝም ብላ ወደ ወጥ ቤት ገባችና ያንኑ አንድ ሳህን ደግማ ደጋግማ ታጥብ ጀመር። ውሃው እየፈሰሰ አፍንጫዋን ስትስብ ሰማት። ያን ማታ ሜትሩ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ መርፌውን የመፍራቱ ነገር ለሰው የሚያወራው ነው፤ የፈራው ቁጥሩን ነበር፣ ከቁጥሩ ይልቅ ደግሞ ያቺን ሳህን።

አሁን ክሩ ይምጣ። ክሩ የጎረቤት ሱቅ ጫማ ሰሪ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነፋስ ቢመጣ እንዳይወሰድ ማስቲሽ ይዞት የቆመ የሚመስል። ብቻውን ነው የሚኖረው። ወሬኛ ነው፤ የሰው ጫማ አፉን ከፍቶ ሲመጣ የሱ አፍ ይበልጣል። ጠዋት ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ሜትሩ ዘንድ ሳይቀመጥ አይውልም።

«ወንድሜ፣ አንዲት ጣት አበድረኝ» አለው ሜትሩ በማግስቱ።

«ለምን?»

«ለደም።»

ክሩ ሳቀ። «አንድ ብቻ? አሥሩንም ውሰድ! የኔ ጣት ወስፌ የለመደ ቆዳ ነው። ደግሞ ስኳር የወፍራም በሽታ ነው፤ እኔን የት ያገኘኛል? ቢመጣስ የት ይቀመጣል?» ብሎ ወገቡን አሳየው።

ተወጋ፣ ተለካ፣ ቁጥሩ እንደ ሕፃን ልጅ ቁጥር ንጹሕ ሆኖ ወጣ። በምትኩ ሜትሩ ከፊት ለፊት ኬክ ቤት አንድ ክሬም ያለበት አምጥቶ ለሁለት ገመሱት። ኬክ ቤቱ ሱቁ ፊት ለፊት መሆኑ የኔ ጥፋት አይደለም፣ ጥፋቱ የመንገዱ ነው ይላል ሜትሩ። ሰው ሰበብ ካማረው መንገድም ይከሳል።

ማታ ባለቤቱ መሣሪያዋን ከፈተችና ፊቷ በራ። «ጎበዝ!» አለችው፣ ለተማሪ እንደምትለው። በሚቀጥለውም «ጎበዝ!» ከዚያም በሚቀጥለው። መምህራን ማረፊያ ሄዳ «የኔ ባል ስኳሩን ልክ አስገባው» እያለች አወራች። ሲስተር ደውላ አመሰገነችው። ከሁሉ የሚገርመው ግን ሜትሩ ራሱ ማመን መጀመሩ ነው! እንደምንም ብሎ፣ ያ ቁጥር የሱ መሰለው። «ስኳሬ እኮ ደህና ነው» ይላል ለደንበኛ ሱሪ እየለካ። ደህና ከሆነ ደግሞ ኪኒኑ ምን ያደርጋል? አንድ ቀን ይውጣል፣ ሁለት ቀን ይረሳል፤ የረሳውን ደግሞ ካውያው ሥር ካለው መሳቢያ ውስጥ ከቁልፍና ከዚፕ ጋር ይቀላቅለዋል። ባለቤቱ ቤት ባዶ ሻይዋን እየጠጣች፣ እሱ ሱቅ ክሬሙን ከጢሙ ላይ እየጠረገ፣ ወራት በሰላም አለፉ።

ከዚያ ቁጥሩ ሽቅብ ይል ጀመር።

መጀመሪያ ትንሽ ነው። «ምን በልተህ ነው?» አለች ባለቤቱ። «ኧረ ምንም!» ቀጥሎ ጨመረ። ቀጥሎ ጭራሽ ባሰበት። አሁን የፈተና ጠባቂነቷ ተነሳ። ኪሱን ፈተሸች። የቤቱን ቁም ሣጥን ፈተሸች። ቅዳሜ ሱቁ መጥታ የተሰቀሉ የደንበኛ ኮቶችን ኪስ ሁሉ አንድ በአንድ ገለበጠች፤ የአንድ የተከበረ ዳኛ ኮት ውስጥ ብስኩት አግኝታ «ይሄስ?» ስትል ሜትሩ «የዳኛው ነው፣ እውነቴን ነው!» ብሎ ማለ፤ ለነገሩ እውነቱን ነበር። መስኮቱ ላይ የቆመችውን ቁምጣ ለባሽ የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ሳይቀር ውስጧ ባዶ መሆኑን አንኳኩታ አረጋገጠች። ምሳውን ካሮት፣ ጥቅል ጎመንና የተቀቀለ እንቁላል አድርጋ በራሷ እጅ መቋጠር ጀመረች።

ሜትሩ ተናደደ። በማን መሰላችሁ? በስኳሩ! «ይሄን ያህል እየተጠነቀቅሁ እንዴት ይጨምራል?» ይላል፣ ኬኩን እያኘከ። መሣሪያዋ ተበላሽታለች ብሎ ተከራከረ። ባለቤቱም ነገሩን በሒሳብ ፈታችው፤ የራሷን ጣት ወጋችና ለካች። ልክ ነው። «መሣሪያዋ ንጹሕ ናት፤ ተጠርጣሪው አንተ ነህ» ብላ ፈረደች። ለሲስተርም ነገረቻት። ሲስተር ሳትስቅ፣ «እንዲህ ከቀጠለ የኢንሱሊን መርፌ ልንጀምርላቸው ነው፤ ሰኞ ይምጡልኝ» አለች።

እነሆ! ያ የሸሸው መርፌ ዞሮ በጓሮ በር መጣ።

ዓርብ ጠዋት ክሩ ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ ገባ። «እባክህ ወገቡን ጠበብ አድርግልኝ፤ መንገድ ላይ ሊያዋርደኝ ነው።»

«ባለፈው አጠበብኩልህ አይደል? ከዚያ በፊትም።»

«ጨርቁ ይሆናላ የሚሰፋው።»

ሜትሩ መለኪያውን ከአንገቱ አውርዶ ወገቡ ላይ አዞረ። አየው። ደግሞ አዞረ። ሥራ ማለት ይሄ ነው፤ እጁ የማይዋሽበት ነገር ቢኖር ይሄ ብቻ ነው። የክሩ ወገብ ከባለፈው በሦስት ጣት ቀንሷል። ቀና ሲል ክሩ የሱቁን ማሰሮ ውሃ አንደቅድቆ ጨርሶ፣ የካውያውን ውሃ ጠርሙስ እያነሳ ነው።

«እሱ እኮ የካውያ ነው!»

«ውሃ ውሃ ነው። ሰሞኑን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ጉሮሮዬ ይደርቃል። ሌሊት ደግሞ ከመጸዳጃ ቤት አልወጣም፤ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆኛለሁ» አለና የካውያውን ውሃ ጭልጥ አደረገው።

ሜትሩ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። ለካ! ለካ ያ ቁጥር የማንም አይደለም፣ የክሩ ነው! ቁጥሩ የማን ደም እንደሆነ ያኔ ነው የገባው። እስከዚያ ድረስ የሱ ይመስለው ነበር፤ እግዜር ያሳያችሁ፣ እንዲህ ያለ ሰው ሱሪያችሁን ሲቆርጥ።

ልንገረው አለ። አፉን ከፈተ። ከዚያ ሰኞ ታየችው። ክሩ ይህን ሰምቶ ዝም ይላል? ከመንደር እስከ መንደር ነው የሚያወራው። «ማን ለካህ?» ይሉታል። «ሜትሩ።» «ለምን?» አለቀ! ባለቤቱ ስትሰማ፣ ያ ሁሉ ጎበዝ፣ ያ ሁሉ ባዶ ሻይ... በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አበው፤ የሰው በሽታ የደበቀውን ግን ምን እንደሚሉት አልነገሩንም።

ስለዚህ መካከለኛ መንገድ አገኘሁ አለ፤ ሰነፍ የሚያገኘው መንገድ ሁልጊዜ መካከለኛው ነው። እኔው ራሴ ድብቅ አድርጌ አድነዋለሁ ብሎ ተነሳ።

«ከዛሬ ጀምሮ ኬክ የለም» አለው ክሩን።

«እንዴ? ውላችንስ?»

«ጥርስህን አስብ። ይልቅ ይሄን ብላ» ብሎ የራሱን ምሳ፣ ካሮትና ጥቅል ጎመኑን፣ ፊቱ አስቀመጠ። «የሳህንህ ግማሽ አትክልት ይሁን። ሻይህን ባዶውን ጠጣ። ከምሳ በኋላ ተነስና ተራመድ፤ መቀመጥ ጠላት ነው።»

ክሩ ማንኪያውን አስቀምጦ አየው። «ሚስትህ ናት እንዴ እዚህ የገባችው? ድምጽዋን ሰማሁ ልበል?»

«ለጤናህ ነው።»

«እኔ ምን ሆንኩ? የታመምከው አንተ! ለራስህ ያልሆንክ ሰውዬ!» አለና ክሩ ተኮሳትሮ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ከኬክ ቤቱ ሁለት እጁን ሞልቶ ሲወጣ በመስኮት አየው። ሜትሩ ደሙ ፈላ። አንድን ሰው ለደኅንነቱ ስትለምነው፣ ዓይንህ እያየ ሞቱን በወረቀት አስጠቅልሎ ሲሄድ! በጣም አናደደው፤ ከዚያ ባለቤቱ ትዝ አለችውና ንዴቱ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠበት። ከስፌት መኪናው ላይ ቀና ሳይል ዋለ።

ሰኞ ጠዋት ክሩ ዘግይቶ መጣ። ቅያሜው ለቆታል፤ ግን ፊቱ ገርጥቷል፣ ከንፈሩ ደርቋል፣ ሆዴን ይለኛል፣ ጠዋት አስመልሶኛል አለ። ይሁን እንጂ ጣቱን ዘረጋ፤ ጓደኝነት ማለት ይሄ ነው። ሜትሩ ለካው። መሣሪያዋ አሰበች፣ አሰበች፣ ቁጥር አልሰጠችም። በቁጥሩ ቦታ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ብቻ ወጡ። ሜትሩ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አየ።

«ምን ይላል?» አለ።

ክሩ ዓይኑን አጥብቦ አነበበ። «ሃይ ይላል። ሃይ! በእንግሊዝኛ ሰላምታ ነው፤ ሰላም እያለችን ነው!» ብሎ በደከመ እጁ ለመሣሪያዋ አጸፋውን መለሰላት። «ለመደችን ማለት ነው።»

ሁለቱም ሳቁ። የጨው ገደል ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል። ሜትሩማ ደስ አለው፤ ቁጥር ከሌለ ጥፋት የለም፣ ጥፋት ከሌለ መርፌ የለም። ክሩ ግድግዳውን ተደግፎ ወደ ሱቁ ሄደ።

በእረፍት ሰዓት ባለቤቱ ደወለች። «ዛሬ ስንት ነው? ለሲስተር አስቀድሜ ልንገራት።»

«ዛሬ ቁጥር የለውም። ሰላም ነው ያለኝ።»

«ምን?»

«ሃይ አለችኝ።»

«ቆይ» አለችና ዘጋችው። ሜትሩ አንድ ቁልፍ ሳይተክል ስልኩ መልሶ ጮኸ፤ ስልኩ ነው ወይስ እሷ ናት የጮኸችው ለማለት ያስቸግራል።

«ሰላም እያለችህ አይደለም፣ አንተ ሰውዬ! ሃይ፣ ከፍተኛ እያለችህ ነው! ስኳሩ ከልክ አልፏል፣ መቁጠር አቃተኝ ማለቷ ነው! ሲስተር አሁኑኑ አምጪው ብላለች! እንዳትነቃነቅ! ሰው አጠገብህ አስቀምጥ!»

ሴትዮዋ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእረፍት በኋላ የምትጠብቀውን ፈተና ጥላ ወጣች። በታክሲ ደረሰች፤ ነጠላ ጫማዋ አንዱ ወልቆ፣ ጠመኔ እጇ ላይ እንዳለ። ባሏ በሞት አፋፍ ላይ ያለ መስሏት ስትገባ፣ ባሏ ቀይ፣ ድንቡሼ፣ ጢሙ ላይ ክሬም ያለበት ሆኖ ተገኘ። ግንባሩን ዳሰሰች። ዓይኑን ገልጣ አየች። ክሬሙን አየች። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደኋላ ብላ፣ ተማሪ ስትይዝ እንደምትቆመው ቆመች።

«ኮርጀሃል» አለች ቀስ ብላ። «ይሄ ደም የማን ነው?»

ሜትሩ መልስ ፈለገ። ሲፈልግ፣ ከጎረቤት ሱቅ ጠዋት ማታ የማያቋርጠው የመዶሻ ድምጽ መቋረጡን ሰማ። ሰው ዝምታ አይሰማም የሚል ካለ ሜትሩን ይጠይቅ።

«የክሩ ነው!» ብሎ ተነሳ፤ መቀሱም፣ ጨርቁም፣ ውርደቱም እዚያው ወደቁ። ሮጠ።

ክሩ የጫማ ቅርጹ ላይ ግንባሩን አስደግፎ፣ በአፉ እየተነፈሰ፣ ትንፋሹ እንደበሰበሰ ፍራፍሬ እየሸተተ ነበር። «ውሃ... ማሰሮዋን» አለ ብቻ። ሜትሩ ብድግ አድርጎ ተሸከመው። ያን የሚያህል ቁመት ያለው ሰው የአንድ ጥቅል ጨርቅ ያህል እንኳ አልከበደውም። ይሄ ነው ያስለቀሰው። ታክሲው ውስጥ ክሩን አቅፎ፣ «እኔ ነኝ፣ እኔ አውቄ ነበር፣ ዓርብ አውቄ ነበር» እያለ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ጤና ጣቢያ ሲስተር ክሩን አስተኝታ ደም ሥሩን ፈለገች፤ ከጎኑም የውሃ ከረጢት ሰቀለች። ሜትሩ ዘሎ ተነሳ። «ግሉኮስ ልትሰኪበት? ስኳር ነው እኮ የያዘው! ልትጨርሺው ነው?»

«ጋሼ፣ ይቀመጡ። ጨውና ውሃ ነው። ኢንሱሊኑም ይኸው እየገባለት ነው። ወደ ትልቁ ሆስፒታልም መኪና ጠርቻለሁ።» ከዚያ ዞር ብላ ሳትስቅ አየችው። «ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ የምንሰቅለው ነገር አይኖርም ነበር።»

ክሩ ዓይኑን ሲገልጥ መኪናው ደጅ ደርሶ ነበር። ሜትሩ አጠገቡ ተንበርክኮ ሁሉንም ነገረው፤ ቁጥሩን፣ ዓርብን፣ ዝምታውን። ክሩ ጣሪያውን እያየ ሰማው።

«ስለዚህ» አለ በቀጭን ድምጽ፣ «ያ ጥቅል ጎመን ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው።»

«ብትነግረኝ ኖሮ እበላው ነበር፣ አንተ ፈሪ» አለውና እጁን ጨብጦ ያዘው። እንደያዘው ወደ መኪናው ወሰዱት።

ክፍሉ ውስጥ ባልና ሚስት ቀሩ። እሷ ጠመኔዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ይሄን ሁሉ ወር» አለች፣ «የጫማ ሰሪ ደም ነው ጎበዝ ስል የከረምኩት። ያንተ ስንት እንደሆነ አላውቅም። አብሬህ እየተኛሁ አላውቅም። አንድ ጠዋት ብትቀርብኝስ?»

«ፈራሁ» አለ ሜትሩ።

«እኔን?»

«ሳህን ስታጥቢ ሰማሁሽ።»

ዓይኗ ሞላ። «እኔም እኮ ፈርቼ ነው» አለች። «የምፈትሸውም፣ የምጮኸውም ፈርቼ ነው። ሌላ ምን ላድርግ?»

ሜትሩ መሣሪያዋን ከኪሱ አወጣ። ማንም አላዘዘውም። ሲስተር በር ላይ ቆማ ታያለች። መውጊያውን ጣቱ ላይ አስጠጋ፤ የፈጣሪን ስም ጠራ፤ ግን ዓይኑን አልጨፈነም። ጠቅ። ደሙ ወጣ። መሣሪያዋ አሰበች፣ አሰበች።

ቁጥሩ መጣ። ትልቅ ነበር፤ ከመጀመሪያው ቀን ይበልጥ ነበር። ባለቤቱ ልታይ አንገቷን ስታሰግግ መሣሪያዋን ወደ ደረቱ አስጠጋት። ሊደብቃት ነው ብላ እጇን ሰደደች።

«ተይ፣ እኔ ላንብበው» አለና ድምጹን ከፍ አድርጎ፣ ሲስተርም እንድትሰማ፣ ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ አነበበው።

«የማን ነው?» አለች ሲስተር፣ ምላጯን መልሳ ስላ።

«የኔ ነው» አለ ሜትሩ።